ዶክተር ልዑልሰገድና የበረቱ ምሰሶ

አንድ ቀን ዶክተር ልዑልሰገድ የሚባሉ ሰው፣ አሮጌ ቤት የሚያድስላቸው ግንበኛ አጥተው ይጨነቃሉ። ቤቱ ያለው ፈረንሳይ አገር፣ ኦቨርኝ በሚባል ብርዳም ደጋ ላይ፣ ሻንቴሎ በምትባል ሃያ አባወራ በማይሞላት የገጠር መንደር ነው። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ሚስታቸው ሶላንዥ ናት። ሶላንዥ ፈረንሳዊት ስትሆን፣ አክስቷ ወልዳ ሳትስም አርጅታ ስትሞት ቤቱን ከነበረቱ ተናዘዘችላት።

ቤቱስ ቤት ነው፤ ግድግዳው ክንድ ከስንዝር የሚወፍር፣ ጭስ የጠገበ የድንጋይ ቤት። ጉዱ ያለው በረቱ ላይ ነው። በረቱ የቤቱን ሁለት እጥፍ ያህላል፤ በደጉ ጊዜ ሠላሳ ላም ይታሰርበት ነበር። ክዳኑ ሣር አይደለ፣ ቆርቆሮ አይደለ፣ እንደ ትሪ ተሰንጥቆ የተነጠፈ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ ሰማይ ላይ ተቆልሎ ሦስት መቶ ዓመት ሲቆይ፣ ከሥሩ ያሉት ላሞች አንዲት ቀን እንኳ ቀና ብለው አይተውት አያውቁም ይባላል።

ዶክተር ልዑልሰገድ ፓሪስ ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማሩ ትልቅ ሰው ናቸው። የተማሩት ስለ ባሕር ሞገድ ነው። ከባሕር ሞገድ ውጭ ያለውን ሁሉ ግን ሳይማሩ ያውቁታል። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ለሐኪሙ ስለ ጉበት ያስረዱታል፤ ዳቦ ቤት ሲገቡ ስለ እርሾ። ጡረታ ወጥተው ሻንቴሎ ሲገቡም ግንበኛ ቀጥረው ግንባታ ያስተምሩት ጀመር። የመጀመሪያው ፈረንሳዊ ግንበኛ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ሁለተኛው በሁለተኛው ቀን። ሦስተኛው ጧት መጥቶ ከምሳ በፊት ሄደ፤ መሰላሉን እንኳ አልወሰደም።

ነገሩ አጣዳፊ ነበር። አንዲት ልጃቸው ሐመልማል በነሐሴ ልታገባ ነው፤ ሠርጉ የሚደገሰውም እዚያው በረት ውስጥ እንዲሆን ለምናለች። የልጅነት ክረምቷን እዚያ ድርቆሽ ላይ ስትንከባለል ነው ያሳለፈችው። መቶ ሃያ ሰው ተጠርቷል። ሚያዝያ ሲጋመስ ደግሞ በረቱ ውስጥ ያለው የሸረሪት ድርና የላም ማሰሪያ ብቻ ነበር።

በዚህ መሐል ዶክተሩ ሊዮን ከተማ ወዳለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን የማርያም ንግሥ ዕለት ይሄዳሉ። እዚያም ሰዎች አንድ የመንዝ ሰው አሳዩዋቸው። ወንድይፍራው ይባላል። አምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው የድንጋይ ሙያ አለው። ፈረንሳይ ከገባ ወዲህም አሥራ ሁለት ዓመት የፈረሱ ቤተ ክርስቲያኖችንና አሮጌ ድልድዮችን ሲጠግን ኖሯል። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገር ግን ሰው ይሰማዋል።

«ድንጋይ ታውቃለህ?» አሉት ዶክተሩ።

«እሱ ያውቀኛል ጌታዬ» አለ ወንድይፍራው የግራ እጁን ጣቶች እያሳየ። «ሠላሳ ዓመት ሲቀጠቅጠኝ ነው የኖረ።»

መልሱ ደስ አላቸው። ከሁሉ በላይ ደስ ያላቸው ግን በአማርኛ የሚያስተምሩት ሰው ማግኘታቸው ነው።

ወንድይፍራው ሻንቴሎ የገባ ዕለት በረዶ ይጥል ነበር፣ በሚያዝያ! ሶላንዥ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችው። ሶላንዥ የስድሳ ዓመት ሴት ናት፤ «አንቱ» ሲሏት ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰላት ዘወር ስለምትል፣ «አንቺ በሉኝ» ብላ ሐበሻውን ሁሉ አስጠንቅቃለች። አማርኛ ትችላለች፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንተንና አንቺን መለየት እምቢ ብሏታል።

«ወንዲ፣ በርዶሻል» አለችው። «ነይ ግቢ፣ ሾርባ ጠጪ።»

ወንድይፍራው የሳቀውን ሳቅ በጺሙ ሸፈነና ገባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሴትዮዋን ወደዳት።

ሾርባውን ሳይጨርስ ዶክተሩ መጡ። «እህ፣ ከምን እንጀምራለን?» አሉ። ጠየቁ ይባል እንጂ መልስ አልጠበቁም። «ከውጭው ግድግዳ ነው የምንጀምረው። ዙሪያውን ሲሚንቶ እንለጥፍበታለን።»

«ጌታዬ፣ ይሄ ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው። በሲሚንቶ ካፈንነው መተንፈሻ ያጣል።»

«ምን ያጣል?»

«መተንፈሻ።»

ዶክተሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ድንጋይ ይተነፍሳል! እስቲ ሳንባውን አሳየኝ፣ በየት በኩል ነው?»

ወንድይፍራው ሳህኑን አስቀመጠና ተነሣ። ወደ ማድ ቤቱ የኋላ ግድግዳ ወሰዳቸው። አክስቲቱ በሕይወት ሳለች ያን ግድግዳ ብቻ ሲሚንቶ አስለጥፋው ነበር። በመዶሻው እጀታ ነካ ሲያደርገው ልጣፉ እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ተገምሶ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ዝናብ የመታው ይመስላል። ወንድይፍራው በመዳፉ ጠረግ አደረገና እጁን ከዶክተሩ አፍንጫ ሥር ዘረጋው።

«ሳንባውን እኔም አላየሁት ጌታዬ። ላቡ ግን ይኸውና።»

ዶክተሩ እጁን ዐዩት፣ አሸተቱት። «ይህ እርጥበት ይባላል» አሉ።

«ይሆናል። እኛ ያልተማርነው ላብ እንለዋለን።»

ክርክሩ በዚያ አበቃ፤ ግድግዳው በኖራ እንዲሠራ ተፈቀደ። በማግሥቱ ግን ወንድይፍራው አሸዋ ሲነፋ፣ ዶክተሩ ጎረቤታቸውን ሙሴ ማርሴልን አጥር ላይ ይዘው፣ ድንጋይ እንዴት እንደሚተነፍስና ሲሚንቶ እንዴት እንደሚያፍነው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዱት ሰማ። ሙሴ ማርሴል፣ በእኛ አነጋገር አቶ ማርሴል፣ የሰማንያ ሁለት ዓመት ገበሬ ነው። ከዚያች መንደር ወጥቶ የማያውቅ፣ ከላም በቀር ከማንም ጋር ረጅም ወሬ የማይወድ ሽማግሌ። ዶክተሩ ሲጨርሱ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ፣ «እናቴም እንዲሁ ትል ነበር» ብሎ ሄደ።

ሥራው ቀጠለ። ወንድይፍራው ድንጋዩን አንድ በአንድ ያንኳኳል፤ የላላውን ያወጣል፣ የተሰነጠቀውን ይቀይራል፣ ኖራውን ያቦካል። ዶክተሩ ከሥሩ ሆነው መሰላሉን እየያዙ ያስተምሩታል። አንድ ቀን ከፓሪስ በብርሃን ጨረር የሚለካ መሣሪያ አስመጡና ግድግዳው ሁሉ ጠማማ መሆኑን ደረሱበት። «አፍርሰህ አቃናው!» አሉት። ወንድይፍራው የእሱን ቱምቢ፣ ያችን በክር የተንጠለጠለች ብረት፣ ኪሱ ከቶ፣ «ጌታዬ፣ ሽማግሌ ጎበጠ ተብሎ አይቃናም፣ ይሰበራል፤ ይልቅ ደገፍ ነው የሚደረገው» አለ። ዶክተሩም ሰባ ዓመታቸው ነበርና ወገባቸውን ያዝ አድርገው መሣሪያውን ወደ ሣጥኑ መለሱ።

መቼም እውነቱን እንነጋገር፤ ሰውየው ክፋት የለባቸውም። ወንድይፍራው ጉንፋን ይዞት ሁለት ቀን ሲተኛ፣ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ማር በሎሚ እያጠጡ ያስታመሙት እሳቸው ናቸው። እርግጥ ነው፣ ሁለቱንም ቀን ሙሉ ስለ ጉንፋን አስተምረውታል። ወንድይፍራው የዳነው በማሩ ይሁን ትምህርቱን ሽሽት እስከ ዛሬ አልለየለትም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከበረቱ ጀርባ ያለውን ሳማ ሲመነጥር አንድ የተጠረበ ገንዳ አገኘ፤ ርዝመቱ የሰው ቁመት የሚያህል፣ ጠርዙ የለሰለሰ። ዶክተሩ ሲያዩት ድምፃቸው ተለወጠ።

«አትንካው!» አሉ። ተንበረከኩ። «ይህ የሮማውያን ማጥመቂያ ነው። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ቢያንስ። ይህን ጠርዝ ተመልከት! ሶላንዥ! ሶላንዥ!»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ፓሪስ ላሉ ሁለት ወዳጆቻቸው ስልክ ደወሉ። ገንዳው ታጥቦ ሳሎን መሐል እንዲቀመጥም አዘዙ። ወንድይፍራው ገና ገመድ ሲያዘጋጅ ሙሴ ማርሴል ከአጥሩ ማዶ አንገቱን አሰገገ።

«ኦ!» አለ በፈረንሳይኛ። «የሶላንዥ አያት የአሳማ ገንዳ! ልጅ ሆኜ ስንት ባልዲ ድንች ገልብጬበታለሁ።»

ሶላንዥ ከንፈሯን ነከሰች። የዶክተሩ ፊት ቀላ። ወደ ወንድይፍራው ዞረው በአማርኛ፣ «ይህ ሽማግሌ ስለ ታሪክ ምን ያውቃል? የሮማውያን ነው አልሁ፤ የሮማውያን ነው!» አሉ።

«ሊሆን ይችላል ጌታዬ» አለ ወንድይፍራው ገመዱን እየጠቀለለ። «አሳማዎቹ ሮማውያን እንደነበሩ ማን ያውቃል።»

ሶላንዥ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ዶክተሩ ሁለት ቀን አኮረፉ፤ ለሁለት ቀን በግቢው ውስጥ ማንም ምንም አልተማረም። ገንዳውም ደጅ ቀርቶ አበባ ተተከለበት።

የግቢው ሰው ሁሉ ሳቀባቸው ማለት ግን ዶክተሩ ተሸነፉ ማለት አይደለም። ዋናው ጦርነት የመጣው ሐምሌ ላይ ነው።

በረቱ መሐል አንድ ምሰሶ አለ። ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው፣ ኦክ ከሚሉት ጠንካራ እንጨት የተጠረበ። ላሞች ስንት ዘመን እየታከኩበት ወገቡ ተወልውሎ ያበራል። ከአናቱ ላይ ትልቁ አግዳሚ አርፎበታል፤ በአግዳሚው ላይ ወራጆቹ፣ በወራጆቹ ላይ ያ ሁሉ የክዳን ድንጋይ። ወንድይፍራው ምሳውን ሲበላ ጀርባውን እሱ ላይ ነበር የሚያሳርፈው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ በኮምፒውተር የተሣለ ፕላን ይዘው መጡ።

«እዚህ የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ይሆናል» አሉ እያሳዩ። «እዚህ ጎን እኔ ቆሜ ንግግር አደርጋለሁ። እዚያ ደግሞ እንግዶቹ። አሁን ተመልከት፤ እኔ እዚህ ብቆም፣ ይህ እንጨት በእኔና በእንግዶቹ መሐል ይገተራል። ስለዚህ ይነሣል።»

ወንድይፍራው የሰማውን ማመን አቃተው። «ምኑ ነው የሚነሣው?»

«ምሰሶው።»

«ጌታዬ፣ ጠረጴዛውን ብናነሣውስ?»

«ጠረጴዛው ተሠልቷል።»

«ንግግሩስ ረጅም ነው?»

«አሥራ ስምንት ገጽ» አሉ ዶክተሩ ኮራ ብለው።

ወንድይፍራው ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። «ከላይ የሚያዩት ድንጋይ ቢያንስ ሠላሳ ሺህ ኪሎ ይመዝናል። ያን ሁሉ የያዘው ይህ ነው።»

«አይደለም። ክብደቱ በግድግዳዎቹ ነው የሚወርደው። እኔ አሥልቼዋለሁ። ይህ እንጨት ለጌጥ የቆመ ነው፤ ስታንኳኳው እንኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል።» አንኳኩት። ምንም ድምፅ አልሰጠም። «ሰማህ?» አሉ።

ወንድይፍራው ሌላ መላ ፈለገ። ሙሴ ማርሴልን ጠርቶ፣ በዚያች የግንበኛ ፈረንሳይኛው ምሰሶውን እያሳየ፣ «ይህ ቢወጣ ምን ይሆናል?» አለው። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጥ ሁለቱንም ወደ ደጅ አወጣቸው። ከመንገዱ ማዶ ሳማ የዋጠው የድንጋይ ክምር ነበር።

«ይህ የፍራንስዋ በረት ነበር» አለ ሙሴ ማርሴል። «ትራክተር ገዛና አላስገባ ሲለው ምሰሶውን ቆረጠ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ ዶክተሩ።

«ትራክተሩ ገባ።»

«ጥሩ!»

«አልወጣም» አለ ሽማግሌው። «እስከ አሁን እዚያው ውስጥ ነው። ፍራንስዋ ራሱ የተረፈው ሽንቱን ሊሸና ወጥቶ ስለነበር ነው።»

ወንድይፍራው ዶክተሩን ዐያቸው። ይህ ያሸንፋቸዋል ብሎ ነበር። ዶክተሩ ክምሩን ጥቂት ካዩ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፍራንስዋ ሥሌት አያውቅም ነበር» አሉ።

እንዲህ ሲከራከሩ ሳምንት አለፈ። ዶክተሩ በማንኪያ፣ በመጽሐፍ፣ በክብሪት እንጨት ሳይቀር እየገነቡ ያስረዳሉ። የክብሪቱ ቤት ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነፋስ ነው አሉ። ወንድይፍራው ሌላውን ሥራ ሁሉ ጨረሰ፤ ወለሉን አነጠፈ፣ በሩን አቆመ፣ ግድግዳውን በነጭ ኖራ አበራው። ስለ ምሰሶው ሲጠየቅ ግን «አልነካውም» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጧት፣ ወንድይፍራው የሞተር ድምፅ ሰምቶ ከቁርሱ ተነሣ። በረቱ ሲገባ ዶክተር ልዑልሰገድ የሞተር መጋዝ ይዘው፣ የበረዶ መንሸራተቻ መነጽር አድርገው፣ ምሰሶው ሥር ቆመዋል። መጋዙን ከየት እንደተዋሱት እግዚአብሔር ይወቀው። ሞተሩ አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይጠፋል።

ወንድይፍራው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ተስፋ ቆርጦ መሮውንና መዶሻውን ጆንያ ውስጥ ከቶ ነበር፤ ጥሎ ሊሄድ። አሁን ግን ነገሩ ገባው፤ እሱ ቢሄድ ሰውየው ብቻቸውን ይቆርጡታል። ክዳኑ የሚወድቀውም በእሳቸው ላይ ብቻ አይደለም፤ ሐመልማል ትናንት ከፓሪስ መጥታለች፤ በዚያች ሰዓት እዚያው በረት ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ ከእናቷ ጋር የወረቀት አበባ ታንጠለጥላለች።

«አባዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለች ልጅቱ መሰላሉ ላይ እንዳለች።

«ቦታ ላሰፋልሽ ነዋ!»

«ጌታዬ፣ መጋዙን ያጥፉት» አለ ወንድይፍራው። መጋዙ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

ሶላንዥ አበባውን ጥላ መጣች። «ልዑል» አለቻቸው፣ «ወንዲ ይቆይ ካለች ይቆይ። ወንዲ ድንጋይ ታውቃለች። አንቺ ባሕር ነው የምታውቂው።»

ይህ ነው ነገሩን ያባሰው። ዶክተሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። እዚህ ግቢ ውስጥ ከኖራው ጀምሮ እስከ አሳማው ገንዳ የዋጡት ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ገነፈለ።

«ጉድ እኮ ነው!» አሉ። «በገዛ ቤቴ ማን አዛዥ እንደሆነ ጠፋኝ! ሚስቴ በአንድ በኩል፣ ልጄ በአንድ በኩል፣ ግንበኛው በአንድ በኩል! ይህን ቤተሰብ ሠላሳ ዓመት ተሸክሞ ያቆመው ማን ሆነና ነው? ስማ ወንድይፍራው፣ ደግሜ አልነግርህም።» ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «የዚህ ቤት ምሰሶ እኔ ነኝ!»

ሐመልማል መሰላሉ ላይ እንደተንጠለጠለች ቀረች። ወንድይፍራው ሰውየውን ቀና ብሎ ዐያቸው። ሲገባ የነበረው ንዴት ወዴት እንደሄደ እንጃ፤ ይልቅ አሳዘኑት። ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀና እጅ ነሣ።

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ» አለ። «አራት ወር ሙሉ እዚህ ስሠራ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ምሰሶው እርስዎ ከሆኑማ ምን ያጨቃጭቀናል?»

ከኪሱ ጠመኔ አወጣ። ጎንበስ ብሎ ከእንጨቱ አጠገብ ወለሉ ላይ መስቀለኛ ምልክት አደረገ።

«ይምጡ፣ እዚች ላይ ይቁሙልኝ። እግርዎን ገጠም፣ ጀርባዎን ቀና ያድርጉ። እንዲያ ነው። እኔ ይህን እንጨት አሁኑኑ ቆርጬ አወጣዋለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ አዛኝ ሰው ሆኖ፣ ጨመረበት፤ «አንዲት ነገር ብቻ አደራ ልበልዎ፤ መቶ ሃያው እንግዳ በልቶ ጠጥቶ እስኪወጣ ድረስ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ እንዳያስነጥስዎ።»

ዶክተር ልዑልሰገድ ምልክቱ ላይ እንደቆሙ ቀና አሉ። አግዳሚውን ዐዩ፤ ወራጆቹን ዐዩ፤ ከወራጆቹ በላይ በየክፍተቱ የሚታየውን ጥቁር ድንጋይ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ዐዩት። አንድ እግራቸውን ከምልክቱ ላይ አነሡ። ከዚያ ሁለተኛውን። መጋዙን መሬት አስቀመጡና፣ ልክ እንደ ልጅ፣ ራሳቸው ቀድመው ሳቁ።

በሠርጉ ዕለት አሥራ ስምንቱን ገጽ ምሰሶውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከምሰሶው ጀርባ ከዶክተሩ ዓይን ተሰውረው ተቀምጠው የነበሩት እንግዶችም ከሁሉ የተሻለው ቦታ የደረሳቸው እነሱ እንደነበሩ እስከ ዛሬ ያወራሉ።